የራስን ዓረፍተ ነገር በመጻፍ ሰዋስውን መለማመድ፤ የእስፓኝኛ ቋንቋ ለዐማርኛ ተናጋሪ

መግቢያ

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ምክንያት የሆነን አንድ ደብዳቤ ነው። እኛ አራት ተማሪዎች ስንሆን፣ ከመደበኛው ትምህርታችን ውጭ የእስፓኝን ቋንቋ፣ ማለት ዛሬ ብዙ ሰው ስፓኒሽ የሚለውን፣ በግላችን ማጥናት ከጀመርን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው። በመጀመሪያው ዓመት የሰዋስው መጽሐፋችንን ከዳር እስከ ዳር አነበብን፤ የግሡን ርባታ በሰንጠረዥ እየጻፍን በቃላችን ያዝን፤ በየምዕራፉ መጨረሻ ያለውንም ባዶ ቦታ ሁሉ ሞላን። ከዚህ በኋላ ዕውቀታችንን ለመፈተን ብለን አንድ ገጽ የሚሆን ደብዳቤ ጻፍንና ቋንቋውን በሚገባ ለሚያውቁ ለአንድ ሰው አሳየን።

እኒህ ሰው በልጅነታቸው ወደ ኩባ ከተላኩት ኢትዮጵያውያን አንዱ ናቸው። እንደሚታወቀው ከኦጋዴን ጦርነት በኋላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ መጨረሻ አንሥቶ፣ በሺህ የሚቆጠሩ የአገራችን ልጆች የወጣቶች ደሴት በምትባለው የኩባ ደሴት በተሰጧቸው ትምህርት ቤቶች ገብተው ተምረዋል። እኛም «ጋሼ» እያልን የምንጠራቸው እኒህ ሰው ደብዳቤያችንን አንብበው ሲጨርሱ፣ «ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ከአራታችሁ የጻፈው ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁን።

ጥያቄው በመጀመሪያ አልገባንም ነበር። እሳቸውም ቀጥለው፣ «ይህ ጥቁር ድመት የማን ነው? ወደ ባሕር ዳር የሄደውስ አጎት የማናችሁ ነው?» አሉን። በእውነቱ ከመካከላችን ድመት ያለው አልነበረም፤ አጎቱም ባሕር አይቶ የሚያውቅ የለም። ድመቱም አጎቱም የመጽሐፉ ነበሩ። ጋሼ ወዲያው በእስፓኝኛ «ኬ ኢሲዬሮን አዬር?» ብለው ጠየቁን፤ ይኸውም «ትናንት ምን አደረጋችሁ?» ማለት ነው። ይህ ግሥ በስድስቱም መደብ እንዴት እንደሚረባ እንደ ውዳሴ ማርያም ማድረስ እንችል ነበር፤ ቢሆንም አራታችንም ዝም አልን።

ሰዋስውን ማወቅ ሌላ፣ በሰዋስው መናገር ሌላ መሆኑን የተረዳነው ያን ዕለት ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ መንገዳችንን ለውጠን በየማታው የራሳችንን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ጀመርን። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበውም ይህ ልምምድ ስለ ምን እንደሚጠቅም፣ ዐማርኛችን በየትኛው ቦታ እንደሚረዳንና በየትኛው እንደሚያሳስተን፣ እንዲሁም ምን ጥንቃቄ እንደሚያሻ ነው። የእስፓኝኛውን ቃል በፊደላችን የምንጽፈው ለንባብ እንዲመች ብለን ነው እንጂ ልምምዱ ራሱ በላቲን ፊደል መጻፍ አለበት፤ ምክንያቱንም በስፍራው እንገልጻለን።

ባዶ ቦታ መሙላትና ራስ መጻፍ

የእስፓኝን ቋንቋ ሰዋስው በመጀመሪያ ጽፎ ያሳተመ አንቶንዮ ዴ ኔብሪኻ የተባለ ሊቅ ነው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1492 ነበር። መጽሐፉ በአምስት ክፍል የተከፈለ ሲሆን፣ አምስተኛውን ክፍል ቋንቋውን ለመማር ለሚፈልጉ ለውጭ አገር ሰዎች ለይቶ አዘጋጅቶላቸዋል። ስለዚህ ቋንቋውን ከእናቱ የተማረና ከመጽሐፍ የሚማር ሰው ችግራቸው አንድ አለመሆኑ የታወቀው ገና ከጥንቱ ነው። ባለ አገሩ መናገሩን ያውቃል፤ የጎደለው ደንቡ ነው። እኛ ግን ደንቡን ይዘን ንግግሩን እንፈልጋለን።

ባዶ ቦታ የመሙላት መልመጃ ምን እንደሚያሠራን እንመልከት። መጽሐፉ «ማሪያ ... ኤን ካሳ» ብሎ ይጽፍና «ኤስ» ወይም «ኤስታ» በሉ ይለናል። «ማሪያ ቤት ናት» ለማለት «ኤስታ» ብለን እንሞላለን። ይሁን እንጂ ባለቤቱን የመረጠው ደራሲው ነው፤ ጊዜውን የወሰነው ደራሲው ነው፤ መስተዋድዱንም ያገባው እሱ ነው። ለእኛ የቀረልን ከሁለት አንዱን ማንሣት ብቻ ነው። ይህም ምግብ አብስሎ ከማቅረብ ይልቅ በቀረበው ወጥ ላይ ጨው እንደ መጨመር ያለ ነው።

አሁን ደግሞ «ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ በሻማ አጠናሁ» የሚል፣ በእውነት የደረሰብንን ነገር ለመጻፍ እንነሣ። እስፓኝኛው «አኖቼ ሴ ፉዌ ላ ሉስ ኢ ኤስቱዲዬ ኮን ኡና ቤላ» ነው። እዚህ ለመድረስ ብዙ ነገር መወሰን አለብን። መብራት በፆታው ተባዕታይ ነው ወይስ አንስታይ? ሻማስ? ጠፋ የሚለው ግሥ አንድ ጊዜ ሆኖ ያለቀ ነገር ነው ወይስ ሲሆን የቆየ? በሻማ የሚለው «በ» በየትኛው መስተዋድድ ይተረጎማል? የቃል በቃሉን ትርጉም ስንመለከት ደግሞ ኩባዎቹ «መብራቱ ሄደ» ማለታቸው ነው፤ እኛም በተራ አነጋገራችን «መብራት ሄደ» እንላለንና ነገሩ አስቆን ነበር። ይህን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተምረናል፤ ሻማው የራሳችን ስለ ነበረም «ቤላ» የሚለውን ቃል ከዚያ ወዲህ አልረሳነውም።

ይህ የእኛ ስሜት ብቻ አይደለም። ስላሜካና ግራፍ የሚባሉ ሁለት የሥነ ልቡና ተመራማሪዎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ባወጡት ጥናት፣ ሰው ራሱ ያፈለቀውን ቃል አንብቦ ብቻ ካለፈው ቃል አብልጦ እንደሚያስታውስ አሳይተዋል። በ1985 ደግሞ ሜሪል ስዌይን የተባሉ የካናዳ ምሁር፣ ቤታቸው እንግሊዝኛ ሆኖ በፈረንሳይኛ የሚማሩ ልጆችን ከመረመሩ በኋላ፣ ልጆቹ ለብዙ ዓመታት ፈረንሳይኛን እየሰሙ በሚገባ ቢረዱትም ሲናገሩና ሲጽፉ ሰዋስዋቸው ወደ ኋላ የቀረ መሆኑን ገለጹ። ምክንያቱንም ሲያስረዱ፣ የሚሰማ ሰው ፍሬ ነገሩን ከያዘ ስለ ቃሉ አካሄድ ብዙ አይጨነቅም፤ የሚጽፍና የሚናገር ግን እያንዳንዱን ቃል በቦታው ለማግባት ይገደዳል፤ የጎደለውንም የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው ብለዋል።

በተቃራኒው ደግሞ ስቲፈን ክራሸን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር ቋንቋ የሚገኘው የሚገባንን ነገር በመስማትና በማንበብ ነው ብለው በብርቱ ይከራከራሉ። እኛም ማንበብ አይጠቅምም አንልም። ከጕድጓድ ውኃ የሚቀዳው ውኃ ሲኖርበት ነውና ያላነበበ ሰው የሚጽፈው ነገር አይኖረውም። ነገር ግን ውኃ ስላለ ብቻ ማንም አልጠጣም፤ መቅዳት ያስፈልጋል።

የቅኔ ቤት ምሳሌ

ከአራታችን ሦስቱ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን ነን። በዚያም የተማርነው በቃል ጽሕፈትና በመገልበጥ ነበር፤ አስተማሪው ያነባል፣ እኛ እንጽፋለን፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን እንገለብጣለን። ለዚህ ትምህርት ውለታ አለብን፤ የእጅ ጽሕፈታችንንና የፊደል አጣጣላችንን ያገኘነው ከሱ ነው። ነገር ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ከራሳችን አውጥተን እንድንጽፍ የታዘዝንበትን ቀን ብንፈልግ ጥቂት ነው የምናገኘው።

አራተኛው ጓደኛችን አያቱ የቅኔ መምህር ስለ ነበሩ ሌላ መንገድ ያውቅ ኖሯል። በቅኔ ቤት ተማሪው የግእዝን ግሥና አገባብ ይማራል፤ ነገር ግን በዚያ አይቆምም። ብቻውን ፈንጠር ብሎ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያም በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ መምህሩም ያርማል። የሚጀምረው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ቀስ በቀስም ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። የሌላውን ሰው ቅኔ የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነውር ነው። ስለዚህ ግእዝ ከአፍ መፍቻነት ከቀረ ብዙ መቶ ዓመት ቢሆነውም የቅኔ ተማሪ ግን ዛሬም በግእዝ አዲስ ነገር ይናገራል።

ይህን ስንሰማ የምንፈልገው ነገር በገዛ አገራችን እንደ ነበረ ተረዳን። ከቅኔ ቤት የምንወስደው ሦስት ነገር ነው። ከአጭሩ መጀመር፤ በየቀኑ አዲስ ማውጣት፤ ያወጡትንም ለሚያርም ሰው ማቅረብ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሥራው እንደማይሰምር ከዚህ በታች እናሳያለን።

ዐማርኛ የሚረዳበት ቦታ

የራሱን ዓረፍተ ነገር የሚጽፍ ሰው በልቡ የሚያስበው በዐማርኛ ነው። ይህም አንዳንድ ጊዜ ታላቅ ረዳት ይሆነዋል። የምንማርባቸው መጻሕፍት አብዛኛዎቹ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ የተጻፉ ስለ ሆኑ፣ ለእንግሊዙ የከበደው ለእኛም እንደሚከብድ አድርገው ያቀርቡታል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

አንደኛ፤ «ሜ ጉስታ ኤል ካፌ» የሚለውን መጽሐፋችን በሦስት ገጽ ያብራራዋል። ነገሩ በአጭሩ «ቡና ደስ ይለኛል» ማለት ነው። በእስፓኝኛ የግሡ ባለቤት ቡናው ሲሆን ሰውየው «ሜ» በሚለው ተሳቢ ይነገራል፤ በዐማርኛም «ይለኛል» በሚለው ግሥ መጨረሻ ያለው «ኝ» ይህንኑ ሥራ ይሠራል። «ሜ ድዌሌ ላ ካቤሳ» ሲል «ራሴን ያመኛል» ማለቱ ነው። «ሜ ፋልታን ዶስ ሊብሮስ» ሲልም «ሁለት መጻሕፍት ይጎድሉኛል» ይላል፤ ግሡ በሁለቱም ቋንቋ ብዙ ቁጥር የሆነው ባለቤቶቹ መጻሕፍቱ ስለ ሆኑ ነው። በእንግሊዝኛ በኩል ዞረን ስንሄድ የጠፋን መንገድ በዐማርኛ ቀጥታ ሆኖ አገኘነው።

ሁለተኛ፤ «አ ሚ ማድሬ ሌ ዶይ ኤል ሊብሮ» ሲል «ሌ» የተባለው ትርፍ ይመስላል፤ እናት አስቀድማ ተጠርታለችና። ነገር ግን እኛም «ለእናቴ መጽሐፉን እሰጣታለሁ» ስንል ለእናቴ ካልን በኋላ «እሰጣታለሁ» ብለን እናትን በግሡ ውስጥ እንደገና እንጠራታለን።

ሦስተኛ፤ ብዙ ተማሪ የሚፈራው፣ የግእዝ ሊቃውንት ዘንድ አንቀጽ ከሚሉት ጋር የሚመሳሰለው የግሥ ዓይነት ነው። «መምጣት እፈልጋለሁ» ለማለት «ኪዬሮ ቤኒር» ይባላል፤ «ወንድሜ እንዲመጣ እፈልጋለሁ» ለማለት ግን «ኪዬሮ ኬ ቤንጋ ሚ ኤርማኖ» ነው። ፈላጊውና መጪው አንድ ሰው ሲሆኑ ንኡስ አንቀጹ ይበቃል፤ ሁለት ሰዎች ሲሆኑ ግሡ ይለወጣል። በዐማርኛም «መምጣት» እና «እንዲመጣ» የሚለዩት በዚሁ ደንብ ነው። «ኦኻላ» የሚለውም የምኞት ቃል ይህንኑ የግሥ ዓይነት ያስከትላል፤ ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ እግዚአብሔር ቢፈቅድ ማለት ነው። «ኦኻላ ዩዌባ» ሲባል «ምነው በዘነበ» እንደ ማለት ነው።

ዐማርኛ የሚያሳስትበት ቦታ

መንገዱ እስከ መጨረሻው አንድ ቢሆን ኖሮ መማር ባላስፈለገ ነበር። ከዚህ ቀጥሎ የምናቀርበው በደብተሮቻችን ላይ ደጋግመን ካገኘናቸው ስሕተቶች ዋና ዋናዎቹን ነው።

ሀ) ነው። እኛ «ተማሪ ነኝ»፣ «ታማሚ ነኝ»፣ «ቤት ነኝ» ስንል በአንድ «ነኝ» እንጨርሳለን። እስፓኝኛ ግን «ሶይ ኤስቱዲያንቴ» ብሎ ለተማሪው አንድ ግሥ፣ «ኤስቶይ ኤንፌርሞ» እና «ኤስቶይ ኤን ካሳ» ብሎ ለሕመሙና ለቤቱ ሌላ ግሥ ይጠቀማል። መጽሐፎች አንደኛው ለዘላቂ ሁለተኛው ለጊዜያዊ ነገር ነው ይላሉ፤ ነገር ግን ይህ አገላለጥ ሩቅ አያስኬድም። «ሞቷል» ለማለት «ኤስታ ሙዌርቶ» ይባላል፤ ከሞት የበለጠ ዘላቂ ነገር ግን የለም። «ግብዣው የሚደረገው በቤቴ ነው» ለማለት ደግሞ «ላ ፊዬስታ ኤስ ኤን ሚ ካሳ» ይባላል፤ ግብዣ ግን በአንድ ሌሊት ያልፋል። ስለዚህ አንዱ ግሥ ነገሩ ምን እንደ ሆነ፣ ሌላው ነገሩ ያለበትን ወይም የደረሰበትን ሁኔታ ይናገራል ብሎ መያዝ ይሻላል፤ ድርጊት የሚደረግበት ቦታ ግን ከመጀመሪያው ጋር ይሄዳል።

ለ) የተሳቢው ምልክት። «እናቴን አያለሁ» ሲባል «ቤኦ አ ሚ ማድሬ» ነው። እኛም «አ» የዐማርኛው «ን» መሰለችንና «ቤቱን አያለሁ» ለማለት «ቤኦ አ ላ ካሳ» ብለን ጻፍን። ይህ ስሕተት ነው፤ «ቤኦ ላ ካሳ» መባል ነበረበት። የዐማርኛው «ን» የሚጠይቀው ነገሩ የታወቀ መሆኑን ነው፤ የእስፓኝኛው «አ» ግን በተለይ ተሳቢው ሰው መሆኑን ይጠይቃል።

ሐ) ሲመጣ። «ሲመጣ ቡና እንጠጣለን» የሚለው ዓረፍተ ነገር በዐማርኛ ሁለት ትርጉም አለው። ሰውየው በመጣ ቁጥር እንጠጣለን ማለት ቢሆን «ኳንዶ ቢዬኔ ቶማሞስ ካፌ» ይሆናል፤ ገና ወደ ፊት ሲመጣ ማለት ቢሆን ግን «ኳንዶ ቤንጋ ቶማሬሞስ ካፌ» ተብሎ ግሡ ወደ ዘንድ አንቀጹ ይለወጣል። ዐማርኛችን ያልጠየቀንን ጥያቄ እስፓኝኛ ይጠይቀናል ማለት ነው።

መ) ነበር። «እሄድ ነበር» የሚለው በቀጥታ «ኢባ» ከሚለው የሐላፊ ጊዜ ጋር ይገጥማልና ችግር የለውም። ነገር ግን «ፈተናው ከባድ ነበር» ለማለት፣ ፈተናውን እንዳለቀ ነገር አድርጎ የሚመዝን ሰው «ፉዌ» ይላል፤ በፈተናው መካከል ሆኖ የነበረውን ሁኔታ የሚተርክ ሰው «ኤራ» ይላል። የትኛው እንደሚገባ የሚያውቀው የተናገረው ሰው ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው በሌላ ሰው ዓረፍተ ነገር መማር የሚያስቸግረው።

ሠ) ፆታ። በዐማርኛ አንድን ቤት «ቤቱ» እንለዋለን፤ ስናሳንሰው ወይም ስናቆላምጠው ደግሞ «ቤቷ» እንላለን። በእስፓኝኛ ይህ ፈቃድ የለም፤ ቤት ሁልጊዜ «ላ ካሳ» ነው። መጨረሻውንም አይቶ መፍረድ አያስተማምንም፤ እጅ «ላ ማኖ»፣ ቀን «ኤል ዲያ»፣ ችግር «ኤል ፕሮብሌማ» ይባላልና። ከዚህም በላይ ቅጽሉ ስሙን በፆታም በቁጥርም ይከተላል፤ የእኛ «ትልቅ» ግን ለቤትም ለሴትም ያው ትልቅ ነው።

ስለ እርማት

የራስን ዓረፍተ ነገር መጻፍ አንድ ታላቅ አደጋ አለበት። ባዶ ቦታ የሞላ ሰው መልሱን ከመጽሐፉ ጀርባ ያገኘዋል፤ ለገዛ ዓረፍተ ነገሩ ግን መልስ የተጻፈበት ገጽ የለም። ከመካከላችን አንዱ ሳያሳይ ለብዙ ሳምንታት «ኤስቶይ ኤስቱዲያንቴ» እያለ ይጽፍ ነበር። ከታረመም በኋላ ምላሱ ወደዚያው ይመለስ ነበር፤ ስሕተቱን ራሱን በትጋት ተለማምዶታልና። ትጋት ያለ እርማት ስሕተትን እንደሚያጸና ከዚህ ተማርን።

በዚህ ነገር ምሁራን አልተስማሙም። ጆን ትራስኮት በ1996 ባወጡት ጽሑፍ በውጭ ቋንቋ የጽሕፈት ክፍል ሰዋስውን ማረም አይጠቅምም፤ እንዲያውም ይጎዳልና ይቅር ብለው ነበር። ዴና ፌሪስ በ1999 መልስ ሲሰጡ፣ እርማት ተመርጦና ግልጽ ሆኖ ሲቀርብ ተማሪውን ሊረዳ ይችላልና ይቅር ለማለት ጊዜው ገና ነው አሉ። የእኛ አስተያየት በሁለቱ መካከል ነው። ጋሼ አንድ ቀን ገጹን በሙሉ በቀይ ሲያሰምሩበት ምንም አልተማርንም፤ ተስፋ ብቻ ቆረጥን። በሌላ ቀን ግን ከ«ነው» በቀር ምንም ሳያርሙ ተዉት፤ በዚያ ሳምንት «ነው»ን ተማርን።

የአሠራር መንገድ

ይህን ልምምድ ለመጀመር ለሚፈልግ ጓደኛ የምንመክረው እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. በአንድ ማታ አንድ የሰዋስው ነጥብ ብቻ መያዝ። በእሱም አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር መጻፍ። ጉባኤ ቃናን ሳያውቁ መወድስ አይሞከርም።

2ኛ. እውነት የሆነ ነገር መጻፍ። የበሉትን፣ ያዩትን፣ የሚፈሩትን። ውሸት የሆነ ዓረፍተ ነገር ብዙ ጊዜ ቀላሉን ቃል ይመርጣል፤ እውነቱ ግን የማናውቀውን ቃል እንድንፈልግ ያስገድደናል።

3ኛ. የዐማርኛውን ረጅም ዓረፍተ ነገር እንዳለ ለመተርጐም አለመታገል። ዐማርኛ ማሠሪያ አንቀጹን ወደ መጨረሻ አቆይቶ ብዙ ነገር በቦዝ ይቀጥላል፤ እስፓኝኛ ግን ግሡን ቶሎ ይጠራል። ስለዚህ ሐሳቡን ቆራርጦ በሚያውቁት ቃል መግለጽ ይሻላል።

4ኛ. አንዱን ዓረፍተ ነገር እያገላበጡ መጻፍ። ለምሳሌ «በቤተ መጻሕፍት አጠናለሁ» የሚለውን «ኤስቱዲዮ» ብሎ ጀምሮ፣ ትናንት አጠናሁ ሲል «ኤስቱዲዬ»፣ ቀድሞ አጠና ነበር ሲል «ኤስቱዲያባ»፣ አባቴ እንዳጠና ይፈልጋል ሲል ደግሞ «ኤስቱዲዬ» ማለት ነው። እዚህ ላይ ሁለተኛውና አራተኛው በፊደላችን አንድ ሆነው ይታያሉ። በላቲኑ ጽሕፈት ግን «አጠናሁ» የሚለው በመጨረሻው ፊደል ላይ ጭረት አለው፤ ድምፁም በዚያው ላይ ይጠነክራል። የሌላው ድምፅ የሚጠነክረው «ቱ» ላይ ነው። ልምምዱ በላቲን ፊደል ይጻፍ ያልነው ለዚህ ነው፤ አንዲት ጭረት ጊዜውንም ሰውየውንም ትለውጣለችና።

5ኛ. ተርጓሚ መሣሪያን አስቀድሞ አለመክፈት። ዛሬ ይህ መሣሪያ በየስልካችን አለ፤ መልካምም ነው። ነገር ግን ከመጻፋችን በፊት ከጠየቅነው የመወሰኑን ድካም እሱ ይወስድብናል፤ ትምህርቱ ያለው ደግሞ በድካሙ ውስጥ ነው። ጽፈን ከጨረስን በኋላ ግን ማነጻጸር ይጠቅማል።

6ኛ. በሳምንት አንድ ጊዜ ለሚያውቅ ሰው አሳይቶ፣ የታረመውን በሌላ ደብተር በሁለት ዓምድ መያዝ፤ በግራ ስሕተቱን፣ በቀኝ እርማቱን። ከዚያም በማግስቱ በዚያው ነጥብ ሌላ አዲስ ዓረፍተ ነገር መጻፍ። እርማትን ማንበብ ብቻውን አይበቃም።

7ኛ. የታረመውን ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ። በዚህ በኩል ዐማርኛ ተናጋሪ ዕድለኛ ነው፤ «ማኛና» በሚለው ውስጥ ያለውን «ኛ» ከአፋችን ለማውጣት የምናጠናው ነገር የለም።

ማጠቃለያ

በዚህ መንገድ ከሠራን ከጥቂት ወራት በኋላ ለጋሼ ሁለተኛ ደብዳቤ ሰጠናቸው። በዚህ ጊዜ እያንዳንዳችን የየራሳችንን አንድ አንቀጽ ጻፍን። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ይልቅ ስሕተቱ የበዛ ነበር። በመካከሉም ከአራታችን የአንዱ እንዲህ የሚል ነበረበት፤ «ሚ ማድሬ ኤስ ኤንፌርማ»። እናቴ ታማለች ለማለት ነው።

ጋሼ እዚያ ሲደርሱ ብዕራቸውን አስቀመጡና በዐማርኛ፣ «እንዴት ናቸው አሁን?» ብለው ጠየቁት። እሱም እንደ ተሻላቸው ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ነው ብዕራቸውን አንሥተው «ኤስ» የምትለዋን ሰርዘው «ኤስታ» ብለው የጻፉት። «ይህ ያገኛቸው ነገር ነው እንጂ ማንነታቸው አይደለም» አሉት። ከዚያ ቀን ወዲህ ከአራታችን ማንም በእነዚህ ሁለት ግሦች መካከል ብዙ አልተሳሳተም።

የመጀመሪያው ደብዳቤያችን ስሕተት አልነበረበትም፤ ነገር ግን ስለ ድመቱ ጤንነት የጠየቀን ሰው አልነበረም። ሰዋስው የተሠራው ሰው የልቡን ለሌላ ሰው እንዲያደርስ ነውና፣ መለማመድም የሚገባው በዚሁ ሥራ ላይ ነው ብለን እናምናለን። ሌላ ቋንቋ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን፣ ይልቁንም ዐረብኛና ፈረንሳይኛ የሚማሩት፣ ዐማርኛ የረዳቸውንና ያሳሳታቸውን ቦታ እንደዚሁ መዝግበው ቢያቀርቡ፣ አስተማሪዎቻችንም የጎደለውን ቢያቃኑልን፣ ለሁላችንም የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።